ወይራው እስኪደርቅ

ጊታር በገዛ እጁ ለመሥራት ለተነሳ ሰው አዲስ አበባ ላይ እንጨት አይቸግርም። የሚቸግረው የደረቀ እንጨት ነው። ጣውላ ሻጩን "ደርቋል ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ቅር እያለው "ዓመት አልፎታል እኮ!" ይላችኋል። አንሥታችሁ ስትይዙት ግን እጃችሁ ሌላ ይነግራችኋል። ለአልጋ፣ ለበርና ለቁም ሳጥን ይህ ብዙ ጣጣ የለውም፤ በሩ ክረምት ላይ አልዘጋ ካለ ጫፉ ይላጋል፣ በጋ ላይ ከከፈተ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። ጊታር ላይ አንድ ሚሊሜትር ብዙ ነው። ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ አግድም ከተቀበረው ቀጭን ብረት) በላይ የሚቀመጥበት ከፍታ ራሱ ሁለት ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ እንጨቱ የግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሲጎብጥ ጊታሩ ወይ ይንጣጣል ወይ ጣት ይቆርጣል።

ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ፊንገርቦርዱ ነው። ጊታር ለማያውቅ ሰው፣ አንገቱ ላይ የሚለጠፈው፣ ጣት ክሩን የሚጫንበት፣ ውፍረቱ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር የሆነው ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ማለት ነው። የብረት ፍሬቶቹ የሚቀበሩት እሱ ላይ ነው። ከጊታር አካል ሁሉ የሚለፋው እሱ ይመስለኛል። ፊቱ ይርገበገባል፣ ጀርባው ይታቀፋል፤ ይሄኛው ግን ላብ ይጠጣል፣ በጥፍር ይቦረቦራል፣ 20 ቦታ ተሰንጥቆ ብረት ይሰካበታል። በዚያ ላይ ስድስቱ የብረት ክሮች ተደምረው ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል አንገቱን ሲስቡት አብሮ ይመክታል። ስለዚህ ጠንካራ፣ እርጥበት ቶሎ የማይጠጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንቀሳቀስ የተወ እንጨት መሆን አለበት።

የእኛ የክር መሣሪያዎች ይህ ክፍል የላቸውም። የክራርና የበገና ክር ከቀንበሩ እስከ ሳጥኑ አየር ላይ ነው የተወጠረው። መሰንቆ አንገት አለው፤ ሆኖም አዝማሪው ጭራውን በጣቱ ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ድምፁ እንደዚያ የሚንሸራተተው፣ የሚለማመጠው፣ በሁለት ድምፆች መካከል እንደልቡ የሚያድረው በዚህም ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ መሰንቆና ክራር የሚሠሩ ሰው ዘንድ እንጨት ፍለጋ ሄጄ የምፈልገውን ሳስረዳቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

"ጥንካሬው ምን ያደርግልሃል? ክሩ እኮ እንጨቱን አይነካውም" አሉ።

"ጊታር ላይ ይነካዋል፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ይሁን ብለው እንዲያ አድርገው ሠሩት?"

ጥያቄያቸው ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ አይደለም። ፍሬት ያለው መሣሪያ ድምፁን አስቀድሞ እንጨት ላይ ቆርጦ ጨርሶታል፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው ከተቆረጠለት ውስጥ ነው። ያ መቁረጫ ቦታ ከተንቀሳቀሰ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። እሳቸው የሚሠሩት መሣሪያ ላይ ቅኝቱን የሚጠብቀው ጆሮ ነው፤ እኔ የምሠራው ላይ ጣውላው ነው።

ሌላው ዓለም ለዚህ ቦታ ሲመርጥ የኖረው በዋናነት ሁለት እንጨት ነበር፤ ዞጲና ሮዝውድ። ዞጲው ከመካከለኛው አፍሪካ፣ በተለይ ከካሜሩን፤ ሮዝውዱ ቀድሞ ከብራዚል፣ ኋላ በብዛት ከህንድ። የብራዚሉ ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር ዝርያዎች ንግድ ስምምነት በጥብቁ መዝገብ ሰፈረ። በ2017 መግቢያ ላይ ደግሞ የቀረው የሮዝውድ ወገን በሙሉ ቁጥጥር ስር ገባና ፋብሪካዎቹ ተራወጡ። ፌንደር በዚያው ዓመት ሜክሲኮ በሚሠራቸው ጊታሮች ላይ ፓው ፌሮ የሚባል የደቡብ አሜሪካ እንጨት ተካ። ማርቲንና ጊብሰንም ወረቀትና ሙጫ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የሚሠራውን ሪችላይት በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ላይ ተጠቅመዋል። ሰው የሚሰስትለት የጊታር ፊንገርቦርድ ወረቀት ሆኖ ማንም አላለቀሰም። የብራዚሉ ሳይጨመር፣ ተሠርተው ያለቁ መሣሪያዎች ከዚህ ቁጥጥር ነፃ የወጡት በ2019 መጨረሻ ነው።

እኔን የከነከነኝ ግን የካሜሩኑ ነው። የቴይለር ጊታር ኩባንያ በ2011 ከአንድ የስፔን እንጨት ነጋዴ ጋር ሆኖ ያውንዴ ያለ የዞጲ መሰንጠቂያ ገዛ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቦብ ቴይለር ሲናገር እንደተሰማው፣ ቆራጮቹ ጥርት ያለ ጥቁር ዞጲ ለማግኘት ወደ አሥር ዛፍ ይጥሉ ነበር፤ መሐሉ ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ የተገኘው ገዢ ስለሌለው እዚያው ጫካ ተጋድሞ ይቀራል። ዝንጉርጉሩ እንደ ጥቁሩ ይጠነክራል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ደንበኛ ጥቁር መልመዱ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ዝንጉርጉሩንም ጊታር ላይ ያውለዋል፤ ዛሬ ውድ ጊታር ላይ ቡናማ መስመር ብታዩ አትደንግጡ።

እኛም ከዚሁ ወገን የሚቆጠር አለን። የጥንት ግብፃውያን ከደቡብ ያስመጡት የነበረው ጥቁር እንጨት በአብዛኛው የሮዝውድ ዘመድ የሆነው የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ነው። ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው ከተመለሱት መካከል እሱም እንዳለበት ዴር ኤል ባህሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ዛፉ ዛሬም በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ይበቅላል። ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ውስጥ ክላርኔትና ኦቦ ለሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ይቆረጣል፤ ለፊንገርቦርድም ቢሆን ከእሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። "ከቆላ ላስመጣልህ" ያለኝ ሰው ነበር። እምቢ አልኩ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ለእኔ 50 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ተብሎ አይወድቅም።

እዚሁ ገበያ ያለውን እንይ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፣ ውለታው አይካድም፤ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ሐሳቡን ሲለውጥ ይከርማል። ዋንዛ ሌላ ነው። ለመላግ የሚመች፣ ረጋ ያለ፣ መልኩም የሚያምር እንጨት ነው፤ የጊታሬ አንገት ከእሱ ነው። ፊንገርቦርድ ለመሆን ግን ይለሰልሳል፤ ጥፍራችሁን አጥብቃችሁ ብትጎትቱበት ምልክት ይቀራል። ዝግባም እንደዚያው። ጥድ ሽታው ብቻውን ያስገዛል፣ ነገር ግን ፍሬት ሲመታበት ይፈነጠራል ብዬ እፈራለሁ። ቀረ ወይራ።

ወይራ ለእኛ ጭስ ነው። የእርጎ ዕቃና የጠላ ጋን ማጠኛ፣ መፋቂያ፣ የእረኛ ዱላ፣ የመጥረቢያ እጀታ። ጥንካሬውን የሚጠራጠር የለም። ሆኖም ጣውላ ቤት ሄዶ "ወይራ አለ?" የሚል ሰው አላየሁም፤ ምክንያቱም ግንዱን ሲያዩት ግልጽ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ይጣመማል፣ ቁጥሩ የበዛ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የቅርንጫፉ ሥር ሁሉ ጣውላ ላይ አንጓ ሆኖ ይመጣል። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ወይራ ማግኘት ዕድል ነው። የጠረጴዛ ሠሪ የማይፈልገው አጭር ቁራጭ ግን ለእኔ ተርፎኝ ይተርፋል።

ወይራና ጥድን ምስጥ ስለማይደፍራቸው የጭቃ ቤት ምሰሶ ሆነው ኖረዋል። ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ ወደ ምናለሽ ተራ ይጫናል፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትገለበጥ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ምሰሶው ግን ብዙ ጊዜ ማገዶ ነው የሚሆነው። የእኔም ወይራ ከእንዲህ ያለ ክምር የወጣ አጭር ምሰሶ ነው።

"ለምንህ ነው?" አለኝ ሻጩ።

"ለጊታር።"

ጓደኛውን ጠርቶ "ና ይሄን ስማ!" አለው። ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው ዋጋውን ጨመሩት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ ለማገዶ ነው እላለሁ።

ዘመን ሙሉ ጣሪያ ሥር የቆመ እንጨት መሐሉ ድረስ ደርቋል፤ ይህ በገንዘብ የማይገዛ ነገር ነው። ከፈረሰ በኋላ ግን ሜዳ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ስለሚከርም ላዩ እንደገና ውሃ ጠጥቷል። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ጫፉም የተለየ ታሪክ አለው፤ እሱን ቆርጦ መጣል ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ሚስማር ነው። መሰንጠቂያ ቤቱ ያለው ልጅ ምሰሶውን ገና ከታክሲ ላይ ሳወርደው አይቶ "ሚስማር ካለበት ምላጩን ትከፍላለህ!" አለ። እውነቱን ነው። ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ዙሪያውን አስኬድኩት፤ ክሩ ዘወር ባለበት ሁሉ በኖራ ምልክት አደረግሁ። ሚስማሩ ወጥቶ እንኳ ቦታው ያስታውቃል፤ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ዙሪያው ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ቀለም የፈሰሰበት ያህል፣ በመላጊያ ብትከተሉትም ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

አሰነጣጠቁ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም በኩል እኩል አይጠብም። በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር የማይገባ ነው። የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ ያለው ጎን ግን ከመሐል ወደ ቅርፊት ካለው ጎን ሁለት እጥፍ ገደማ ይጠባል። ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ ፊንገርቦርድ ሲቆረጥ፣ ጫፉን ስታዩት መስመሮቹ ቀጥ ብለው ከታች ወደ ላይ የቆሙ እንዲሆኑ ይፈለጋል። ከቀጭን ምሰሶ እንዲህ ያለ ጣውላ የሚወጣው ከመሐሉ ግራና ቀኝ ብቻ ነው፤ የመሐሉ እምብርት ራሱ ደግሞ ስለሚሰነጠቅ መውጣት አለበት። ልጁ "ዝም ብለን ብንሰነጥቀው አምስት ጣውላ ይወጣህ ነበር፣ አባከንከው" ብሎ አዘነልኝ። ሁለት ደህና ጣውላ ይበቃኛል።

የተሰነጠቀ እንጨት አዲስ እንጨት ነው። ውስጡ ተጨንቆ የኖረ ውጥረት ካለ አሁን ይፈታል፤ ዛሬ ቀጥ ብሎ የወጣው ከሰሞን በኋላ ቀስት ሆኖ ሊያድር ይችላል። ለዚህ ነው በስተመጨረሻ 6 ሚሊሜትር የሚሆነውን 9 ሚሊሜትር አድርጌ ያሰነጠቅሁት፤ የሚላግ ሥጋ ሊኖረው ይገባል። ጫፎቹን በቀለጠ ሰም ነከርኩ። እንጨት ውሃውን በጫፉ በኩል ከጎኑ ብዙ ጊዜ እጥፍ ፈጥኖ ይተፋል፤ ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅና ሲጠብ መሐሉ ገና እርጥብ ነው፣ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ሰሙ ጫፉን ዘግቶ ሁሉም በአንድ ልክ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚባለውን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፤ በርበሬ አይደለም። በመካከላቸው ቀጫጭን ዘንግ አስገብቼ፣ ላያቸው ላይ ከባድ ነገር ጭኜ፣ ጥላ ባለበት ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው።

እናቴ ወይራ መሆኑን ያወቀችው በሽታው ነው። "ይሄን የመሰለ ወይራ ቁም ሳጥን ላይ ምን ይሠራል?" አለች። ቁርጥራጩን ለማጠኛ ሰጥቻት ተስማማን፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁርጥራጩ ሲያልቅ ዓይኗ ወደ ላይ እንደሚሄድ ስለማውቅ ጣውላዎቹ ላይ "የጊታር ነው፣ አይነካም" ብዬ በማርከር ጻፍኩ።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ማንኳኳት፣ ማሽተት፣ ጉንጭ ላይ ማስነካት፣ ሁሉም ይሞከራል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። እንጨቱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ ክብደቱን ከነቀኑ ጣውላው ላይ መጻፍ ነው። ቁጥሩ እየወረደ ይሄድና አንድ ቦታ ይቆማል። ሲቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለማወቅ ለሚፈልግ፣ ከዚያው ጣውላ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ መመዘን፣ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማቆየት፣ እንደገና መመዘን። ቁራጩ 54 ግራም ገብቶ 48 ግራም ከወጣ፣ 6 ግራሙ ውሃ ነበር፤ 6ን ለ48 ስታካፍሉ 12.5 በመቶ ይመጣል። ጊታር ሠሪዎች የአየሩን እርጥበት 45 በመቶ አካባቢ አድርገው ይሠራሉ፤ በዚያ አየር ውስጥ እንጨት 8 ወይም 9 በመቶ ላይ ይረጋል። አዲስ አበባ ከጥቅምት ወዲያ፣ ያ ከንፈር የሚሰነጥቀው ነፋስ ሲነሳ፣ ያለምንም ማሽን እዚያ አካባቢ ታደርሳችኋለች። ሐምሌ ላይ ደግሞ የሰጠችውን ትወስዳለች።

"ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል" ይባላል። ጊታር ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ በእርጥቡ ጦስ ደረቁ ይበላሻል። ደርቆ ያለቀ አንገት ላይ ያልደረቀ ፊንገርቦርድ ከለጠፋችሁ፣ ፊንገርቦርዱ ሲጠብ አንገቱን ይዞት ይጎብጣል። ርካሽ ጊታር ገዝታችሁ በበጋ መዳፋችሁን በአንገቱ ጎን ስታንሸራትቱ የፍሬቶቹ ጫፍ ቧጥጧችሁ ያውቃል? ፍሬቱ አልረዘመም። እንጨቱ ነው ወደ ውስጥ የሸሸው።

ክብደቱ ከቆመ በኋላ ያለው መላግ ደስታም ስቃይም ነው። የወይራ መስመር አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስለሚዞር፣ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ የሄደው መላጊያ አንድ ስንዝር ሳይሄድ ቦጭቆ ያነሳል። መፍትሔው ምላጩን ደጋግሞ መሳል፣ በጣም ቀጭን ማንሳትና እንጨቱን እያዞሩ መሄድ ነው። መጨረሻው ላይ መላጊያውንም ትቼ በጠርሙስ ስባሪ እፍቃለሁ፤ ድሮ አናጢዎች የሚያደርጉት ነው። አዲስ የተሰበረ ጠርዝ ከወይራ ላይ የሚያነሳው ፍቅፋቂ አቧራ ሳይሆን ቀጭን ጥቅልል ከሆነ ጠርዙ ስለት አለው፤ አቧራ ማንሳት ከጀመረ ሌላ ስባሪ ይያዛል። ጓንት አትርሱ። ቀጥ ማለቱን ለማየት የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሞ ከበስተጀርባው መስኮት ማድረግ ነው። ከስሩ የምትሾልክ ብርሃን ካለች ሥራው አላለቀም። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ለማቅናት የሚሞክር ሰው ጠርዞቹን እያጎበጠ መሐሉን ይተዋል፤ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተለጥፎ በመጨረሻ ነው የሚመጣው።

ተላግቶ ሲወጣ መልኩ ጠይም ነው፤ ወርቃማ ቡናማ ላይ የጠቆረ ሐረግ የሚመስል መስመር ይሄድበታል። ገና ሳይላግ 500 በ70 በ9 ሚሊሜትር የነበረው ጣውላ 315 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ክብደቱ ደግሞ ወደ 300 ግራም ተጠግቶ ነበር። ማለትም ደርቆም እንኳ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለጥቂት ነው። አንድ ጊታሪስት ወዳጄ መጥቶ አገላብጦ አየውና "በቃ ጥቁር ቀባው፤ ጥቁር ካልሆነ ጊታር አይመስልም" አለኝ። መቀባት ቀላል ነው። የዛገ ብረት ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሮ ፈሳሹን እንጨቱ ላይ ማስኬድ ይበቃል፤ ሚስማሩ ምሰሶው ላይ ሲሠራ የኖረውን ኬሚስትሪ ሆን ብሎ መድገም ነው። አላደርገውም። ካሜሩን ጫካ ውስጥ ዘጠኝ ዛፍ ያስጣለው ይሄው "አይመስልም" የሚሉት ነገር ነው። ስለ ድምፁም ቢሆን እንጨት እንደሚወራለት አይደለም፤ በእ.ኤ.አ. 2018 የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጀርባና በጎናቸው እንጨት ብቻ የሚለያዩ ስድስት ጊታሮችን ለ52 ጊታሪስቶች ዓይናቸው በደንብ እንዳያይ አድርገው ሰጥተው፣ ውዱን ከርካሹ በድምፅ ለይተው ማወቅ እንደተቸገሩ አሳትመዋል። ፊንገርቦርዱ ደግሞ ከጀርባውም ያነሰ ድምፅ የሚሰጥ ክፍል ነው። የእሱ ሥራ አለመንቀሳቀስ ነው።

ለፍሬቶቹ መሰንጠቂያ መስመር ማስመሩ የሒሳብ ሥራ ነው። የክሩን የሚርገበገብ ርዝመት 650 ሚሊሜትር ይዣለሁ። ይህን ለ17.817 ስታካፍሉ 36.48 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ ነው። የቀረውን 613.52 እንደገና ለ17.817፣ የቀረውን እንደገና፤ እንዲህ እየተባለ 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 325 ላይ ያርፋል። የጋሊሊዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ በእ.ኤ.አ. 1581 ሉት ለሚባለው የጥንት የክር መሣሪያ ያቀረበው ስሌት ርዝመቱን ለ18 ማካፈል ነበር፤ በጆሮ ለዘመናት ሲያገለግል ኖሯል፣ ግን በ650 ሚሊሜትር ላይ 12ኛውን ፍሬት 2.4 ሚሊሜትር ያህል አሳጥሮ ይጥለዋል። በሒሳቡ በተራ በተራ ቢወጣም ልኬቱን ከፍሬት ወደ ፍሬት አትውሰዱ። ሁሉንም ከአንድ ጫፍ፣ ማስመሪያውን ሳታነሱ ለኩ፤ አለዚያ የእያንዳንዱ ፀጉር ታህል ስሕተት ተደምራ 20ኛው ላይ ትጠብቃችኋለች። መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በስለት ጫፍ ነው ያሰመርኩት፤ የእርሳስ መስመር ራሱ ወርድ አለው።

ስንጥቁ ወርዱ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከፍሬቱ እግር ትንሽ አለፍ ያለ መሆን አለበት። ወይራ ላይ ይህ ቁጥር ይጠብቃል። ለስላሳ እንጨት ፍሬቱ ሲገባ ይሸሽለታል፤ ወይራ አይሸሽም። ስንጥቁ ከጠበበ እያንዳንዱ ፍሬት ሽብልቅ ሆኖ ይገባና ሃያው ተደምሮ ጣውላውን ወደ ኋላ ያጎብጠዋል። ውሃ የበዛበት የእንጨት ኮላም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፤ የፊንገርቦርዱ ሆድ ኮላውን ጠጥቶ ሲያብጥ ጀርባው ይቀስታል። ስለዚህ ለማጣበቁ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚጠነክሩትን ኤፖክሲ መርጫለሁ፤ ወይራ ቅባት ስላለው ከመለጠፉ በፊት በአልኮል ይጠረጋል።

ቫርኒሽ አልቀባውም፤ ጣት ያረፈበት ቫርኒሽ ይላላጣል። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ ማስኬድና የተረፈውን ጠርጎ ማንሳት ይበቃል። ጨርቁን ግን ጨብጣችሁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

አሁን ጣውላው ተሰንጥቆ፣ ጠርዞቹ ከ44 ወደ 56 ሚሊሜትር እየሰፉ ተቆርጠው፣ ያለ ፍሬት ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ሰኔ ሊገባ ነው። ብዙ ሰው ፍሬቶቹን አሁን መትቼ እንድጨርስ ይወተውተኛል። እኔ ክረምቱን ማሳለፍ መርጫለሁ፤ ሰፊው ጫፍ ላይ በስለት ምልክት አድርጌ፣ ዝናቡ ሲበረታ ስንት እንደሚሰፋ፣ ጥቅምት ላይ ስንት እንደሚመለስ በካሊፐር እለካለሁ። ወርዱ በሩብ ሚሊሜትር ውስጥ ከተመላለሰ ፍሬት ይገባበታል። ከዚያ ካለፈ ሁለተኛው ጣውላ ከጎኑ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያውን ለማን እንደምሰጥም እናቴ ከወዲሁ ነግራኛለች።